ዳገት ላይ እምቢ የምትል መኪና፦ ስለ ነዳጅ ፊልትሮ ከወሎ የመጡ ጥያቄዎች

ሰላም ወሎዬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ። ሰሞኑን ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ስለወደቁ ዛሬ እሱን ብቻ ይዤ መጣሁ፣ ነዳጁን ከቆሻሻ የሚያጣራው የነዳጅ ፊልትሮ። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ከሌላው መለዋወጫ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ግን እሱ ሳይታይ ፖምፓ (ናፍጣውን በግፊት የሚገፋው) የተፈታበት፣ ኖዝል (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) የተቀየረበት፣ እንደውም ሞተር ይውረድ የተባለበት ስንት መኪና አይቻለሁ፣ ያንጀቴን ነው ምላችሁ ያበሳጨኛል፣ የሰው ገንዘብ ነው እኮ፣ ያውም በዚህ ኑሮ። ደሞ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ በእጃችን ያለችውን መኪና መንከባከብ ግድ ነው። በሉ እንጀምር።

"አሰላሙ አለይኩም። ናፍጣ ሃይኤስ ይዤ ከኮምቦልቻ ደሴ እሰራለሁ። ሜዳ ላይ ምንም አትልም፣ የሐረጎን ዳገት ስጀምር ግን ጉልበት ታጣለች፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ እስከ መጨረሻ ብረግጥም አልወጣ ትላለች። ጠርዝ ይዤ ትንሽ ቆሜ ስነሳ ትሻላለች ከዛ መልሳ ያው። መካኒኩ ፖምፓ ነው ይወርዳል አለኝ፣ ሌላ ሰው ደሞ የደጋ አየር ነው አለኝ። የቱን ልመን?" (ከኮምቦልቻ)

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር፣ ፖምፓውን ገና እንዳታስወርድ።

መጀመሪያ የደጋውን ነገር እንጨርሰው። እውነት ነው ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ በግምት አንድ አስረኛ ጉልበቱን ያጣል፣ ምክንያቱም አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፣ ስለዚህ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የሚወስደው ጉልበት ስድስት ሰባት ፐርሰንት ቢሆን ነው። ይሄ ደሞ ትንሽ እንድትደክም ያደርጋታል እንጂ አያስቆማትም። ደሞስ መንገዱ እኮ ትናንትም ያው ሐረጎ ነበር፣ መኪናዋ አምና እየወጣች ዘንድሮ እምቢ ካለች የተለወጠው ተራራው አይደለም። ከሚሌ ወይ ከአፋር በረሃ ተነስቶ በባቲ በኩል የሚመጣ ሰው ግን የከፍታው ነገር በደንብ ይሰማዋል፣ እሱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ፊልትሮው። ሞተር ሜዳ ላይ ሲሄድ የሚጠጣው ነዳጅ ትንሽ ነው፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም ደሞ ከዛም ያነሰ። ዳገት ላይ ሰው ጭነህ ስትረግጥ ግን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ቅሪቦ ወይ ጠላ ሲጠለል አይታችኋል አይደል፣ ማጥለያው አተላ ከያዘ ለአንድ እንግዳ ሲቀዳ ቀስ እያለም ቢሆን ይወርዳል፣ ድግስ ሲሆን ግን ሰው ይጠብቃል ማድጋው ሙሉ ሆኖ። የተደፈነ ፊልትሮ እንደዛ ነው፣ ለሜዳው የሚበቃውን ያሳልፋል ለሐረጎ አይደርስም። ቆም ስትል የሚሻላት ደሞ ቀስ እያለ የሚንጠባጠበው ነዳጅ መስመሩን ስለሚሞላው ነው፣ የተሞላውን ትጠጣውና መልሳ ትራባለች። ይሄ የነገርከኝ "ቆሜ ስነሳ ትሻላለች" የሚለው ነገር ለኔ ከሁሉም በላይ ትልቁ ምልክት ነው።

ግን አንድ ነገር በነፃ አረጋግጥ። በሚቀጥለው እምቢ ስትልህ ፍሬን ይዘህ ቁምና የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ክፈት፣ ፉፉፉ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበና ከዛ በኋላ ደህና ከወጣች ችግሩ ፊልትሮው ሳይሆን ክዳኑ ነው፣ መተንፈሻው ተደፍኗል፣ ነዳጁ በወጣ ቁጥር አየር ስለማይተካው ሰልባትዮው ይታፈናል። ሌላው የእጅ ፓምፑ ነው፣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ተጫናትና ልቀቃት፣ ተጭነሃት እዛው ቀርታ ቀስ ብላ ከተነሳች ከሰልባትዮ በኩል ያለው መስመር ወይ ውስጥ ያለችው ወንፊት ተደፍኗል ማለት ነው፣ ብትጫናት ብትጫናት ሁሌ ልል ከሆነች ደሞ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ፊልትሮውን ቀይር። ቀይረህ ካልተሻላት ያኔ ስለ ፖምፓ እናወራለን፣ ከትንሹ ወጪ ወደ ትልቁ ነው የሚኬደው፣ ከላይ ወደታች አይደለም።

"የኔ መኪና ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ነዳጅ ፊልትሮ ልቀይር?" (ከሐይቅ)

አይ፣ አትቀይር። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ በዛ ወይ አየሩ አነሰ ማለት ነው፣ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ደሞ ነዳጅ ነው የሚያሳንሰው፣ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮህን አውጥተህ ፀሐይ ላይ ያዘው፣ ብርሃን ካላሳለፈ እሱን ቀይር፣ ካሳለፈ ኖዝሎቹን አሳይ።

"ቪትስ አለችኝ፣ 2003 ሞዴል። ስረግጣት ትንቀጠቀጣለች፣ ፍጥነት አልጨምር ትላለች፣ አንዳንዴ መብራት ላይ ስቆም ትጠፋለች። አንዱ ጋራዥ ነዳጅ ፊልትሮ ይቀየር አሉኝ፣ ሁለተኛው ጋራዥ ቪትስ ነዳጅ ፊልትሮ የላትም አሉኝ። ሴት ስለሆንኩ ይሆን የሚያታልሉኝ?" (ከደሴ፣ ፒያሳ)

እህቴ፣ ፊልትሮ አላት። የላትም ያለሽ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ስላጣት ይሆናል፣ በድሮዎቹ ኮሮላዎች ላይ ፊልትሮው ሞተሩ አጠገብ በግልፅ የሚታይ ቆርቆሮ ነገር ነበር፣ በቪትስና በያሪስ ግን ሰልባትዮው ውስጥ ከፓምፑ ጋር አንድ ላይ ተገጥማ ነው ያለችው። የኋላ መቀመጫው ትራስ ይነሳል፣ ስሩ ክብ ክዳን አለ፣ ክዳኑ ሲነሳ የፓምፑ ሶኬትና ቱቦ ይታያል። አሁን ታውቂያለሽ፣ የትኛውም ጋራዥ ስትሄጂ "የኋላ መቀመጫውን አንስታችሁ አሳዩኝ" በይ፣ አጠገባቸው ቁሚ፣ አሮጌውን ዕቃም ተቀበይ፣ መኪናው ያንቺ ነው መጠየቅ መብትሽ ነው።

ግን ከመፈታቱ በፊት ሁለት ነገር ይታይልሽ። ምልክቶቹ ካንዴላም ሊሆኑ ይችላሉ፣ የካንዴላ ኮይልም ሊሆን ይችላል፣ በቪትስ ላይ ኮይል ሲሞት እንደዚሁ ነው የምትንቀጠቀጠው። ስለዚህ መጀመሪያ በኮምፒውተር ትነበብ። ፒ 0171 የሚል ኮድ ከመጣ ሞተሩ ነዳጅ አንሶታል ወይ ትርፍ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው፣ ፒ 0300 ወይ 0301፣ 0302 እያለ ከመጣ ደሞ ወደ ካንዴላውና ኮይሉ ይሂዱ። ሁለተኛ የነዳጅ ግፊቱን በጌጅ ይለኩት፣ ጌጅ ያለው ጋራዥ ፈልጊ፣ በግምት ፓምፕ አያስቀይሩሽ።

ሲፈቱት ደሞ ይሄን እይ። የቤንዚን መስመር ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ግፊት እንደያዘ ነው የሚቆየው፣ ቱቦው ዝም ብሎ ከተነቀለ ቤንዚኑ ፊት ላይ ይረጫል። የፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያስነሱት፣ ከዛ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በሩ ሁሉ ተከፍቶ፣ ሲጋራም ስልክ ቻርጅም አጠገቡ የለም። በዚህ አልደራደርም፣ እያጨሰ ወይ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሰራ ካለ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። እና አንድ ምክር፣ ሁሌ የነዳጅ ማለቂያው መብራት በርቶ አትንጂ፣ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው፣ ቤንዚኑ ሲያልቅ ይግላል፣ ከስር ያለውንም ቆሻሻ ይስባል።

"ጋሼ እኔ ባጃጅ ነው ምነዳው። ፊልትሮዋን አውጥቼ በኮምፕሬሰር ነፍቼ መልሼ ብገጥማትስ? ጓደኛዬ ደሞ ጭራሽ አውጥቶ ቱቦውን ቀጥታ አገናኝቶ እየሰራ ነው ምንም አልሆነም።" (ከመርሳ)

የኔ ወንድም፣ አትንፋት። ውስጧ ያለው ወረቀት ነው፣ ቀዳዳው በዓይን አይታይም፣ ቆሻሻው ወረቀቱ ውስጥ ተሰንቅሯል፣ ስትነፋው ወይ አይወጣም ወይ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ከተቀደደ ደሞ የሰበሰበውን ቆሻሻ ሁሉ አንዴ ወደ ካርቡሬተር ይለቀዋል። የባጃጅ ፊልትሮ እንደሆነ ከአንድ ቀን የምሳ ወጪ የሚበልጥ አይደለም። ጓደኛህ ምንም አልሆነም ያልከው ገና ስላልደረሰ ነው፣ የካርቡሬተሩ ጂግለር (የነዳጁ ማለፊያ) ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ አንድ የዝገት ቅንጣት ይዘጋታል፣ ሰው ጭኖ አስፋልት መሀል ነው የሚቆመው። ስትገጥም ፊልትሮዋ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ካርቡሬተር መዞሯን እይ፣ ቱቦው ከተሰነጠቀ አብረህ ቀይረው፣ ፋሼታዋንም (የቱቦውን ማሰሪያ) አጥብቅ።

"ልጄ፣ የቆየ ሃይሉክስ አለኝ፣ እህል እጭንበታለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ፣ የፊልትሮ ምልክት ነው አሉኝ። ማደያ ላይ ናፍጣ ሳጣ በጀሪካን ከሚሸጡት ነው የምገዛው። ልንዳው ወይስ ላቁመው?" (ከወገልጤና፣ ደላንታ)

ጋሼ፣ ጥሩ ጊዜ ጠየቁኝ፣ ለጊዜው አይንዱት። ያ መብራት በብዙዎቹ የናፍጣ ቶዮታዎች ላይ የሚበራው ፊልትሮው ስር ውሃ ሲጠራቀም ነው። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል ስለዚህ ውሃው ከታች ይተኛል፣ እሱን የምትጠብቅ ተንሳፋፊ ነገር ከፊልትሮው ስር አለች፣ ሞላ ስትል መብራቱን ታበራለች። ውሃው ወደ ፖምፓውና ወደ ኖዝሉ ካለፈ ዝገት ነው፣ እነሱ ደሞ የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋጫል።

ስለዚህ ነገር ስጽፍ ከራሴ ላይ የደረሰው ትዝ ይለኛል። ከጥቂት ዓመት በፊት ወደናንተው ወደ ደላንታ ስንመጣ፣ መንገድ ላይ ናፍጣ አልቆብን ከአንድ የመንደር ሱቅ በር ላይ ከቆመ ቢጫ ጀሪካን ሃያ ሊትር ቀዳን። የበሽሎን ሸለቆ ስንወርድ ደህና ነበረች፣ ማዶውን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አሳለና ጠፋ። የሃይላንድ ጠርሙስ በቢላ ቆርጬ ከፊልትሮው ስር ይዤ የውሃ ማውጫ ብሎኗን ላላ አደረግኩ። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ነው፣ ነጭ ድፍርስ፣ የተፈጨ ቡና የሚመስል የዝገት ብናኝ ይዞ፣ ከዛ ነው ናፍጣው ቀጭን ሻይ መስሎ የመጣው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ በመሀላቸው መስመር ተሰምሮ ቆሙ። ግማሽ ጠርሙስ ገደማ ውሃ ብቻ ወጣ። አስነሳን ሄደች፣ ሃያ ደቂቃም ሳትሄድ ደግማ ቆመች፣ ምክንያቱም ወረቀቱ አንዴ ውሃ ከጠጣ አብጦ ይደፈናል፣ ውሃውን ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። መለዋወጫ አልያዝንም ነበር፣ እዛው ብርድ ላይ አደርን፣ አብሮን የሚታከም ሰው ነበረ መኪናው ላይ። ከዛን ቀን ወዲህ አዲስ ፊልትሮ ከመቀመጫ ስር ሳላስቀምጥ ከደሴ ወጥቼ አላውቅም።

እርስዎ እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ሞተሩን ያጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከስር ሰፌድም ሳህንም የማይሆን አሮጌ ዕቃ ያስቀምጡ፣ የውሃ ማውጫ ብሎኗን በእጅ አንድ ዙር ያህል ያላሏት፣ የእጅ ፓምፑን እየተጫኑ ንፁህ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ፣ ከዛ በእጅ ብቻ ያጥብቋት፣ በፒንሳ አይሁን ፕላስቲክ ናት ትሰበራለች። መብራቱ ከጠፋ እስከ ጋራዥ ይንዱና ፊልትሮውን ያስቀይሩ፣ ሰልባትዮውም ከስር ተፈትቶ ይታጠብ፣ ውሃው ምንጩ እዛ ነው።

የጀሪካኑን ነገር ማደያ በሌለበት አይግዙ አልልዎትም፣ አውቃለሁ አማራጭ የለም። ግን ከሚገዙት ላይ ትንሽ በብርጭቆ ጠርሙስ ይቅዱና መስኮት ላይ ያሳድሩት፣ ጠዋት ከስር መስመር ከታየ ውሃ አለው። ቤንዚን የምትገዙ ደሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፣ ንፁህ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ያልቃል፣ የቅባት እድፍ ከቀረ ላምባ ወይ ናፍጣ ተቀላቅሎበታል። ሲቀዱ የጀሪካኑን የመጨረሻ ሁለት ጣት አይገልብጡት፣ እዛው ይቅር። እና እንደ ጉጉፍቱ፣ እንደ ደላንታ ባለ ብርድ አገር ማታ ሲያቆሙ ሰልባትዮው ጎደሎ ባያድር ጥሩ ነው፣ በባዶው ቦታ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆንና ወደ ነዳጁ ይወርዳል።

"አይሱዙ ኤፍኤስአር ነው። ራሴ የነዳጅ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ አሁን ጭራሽ አልነሳ አለኝ። ባትሪዬን ጨረስኩ። ምን አበላሸሁ?" (ከወልዲያ)

ምንም አላበላሸህም፣ አየር ነው የገባው። ፊልትሮ ሲፈታ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ የናፍጣ ፖምፓ ደሞ አየር መጭመቅ አይችልም ዝም ብሎ ይዞራል። ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) እየደጋገምክ አትጨርሰው። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን አላላት፣ የእጅ ፓምፑን ተጫን፣ መጀመሪያ አረፋ አረፋ እያለ ይመጣል፣ አረፋው ጠፍቶ ናፍጣው ቀጥ ብሎ ሲፈስ እየፈሰሰ እያለ ዝጋት። ከዛ ፓምፑ እስኪጠነክር ተጫን። አሁን አስነሳ፣ ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዘው፣ አሳርፈው ድገም። አልያዝ ካለህ የፊልትሮውን ጎማ እይ፣ አሮጌው ጎማ እላዩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱን ደርበህ ገጥመህ ይሆናል፣ ይሄ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። አዲሱን ጎማ ናፍጣ ቀብተህ በእጅ አጥብቅ፣ ጎማው ከነካ በኋላ ግማሽ ወይ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል።

የድሮ ፖምፓ ከሆነ አንዳንዱ መካኒክ የኖዝሉን ቱቦ ብሎን አላልቶ አየር ያስወጣል፣ ይሰራል። ኮመን ሬል (ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት የሚይዙት) በሆኑት አዳዲሶቹ ላይ ግን ሞተሩ እየዞረ ያንን ቱቦ እንዳትነካ፣ እዛ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊበልጥ ይችላል፣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እጅ ያስቆርጣል፣ ቀልድ የለውም። ለነሱ ደሞ አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን ናፍጣ ሞልተህ አትግጠመው፣ ያልተጣራ ነዳጅ ቀጥታ ወደ ኖዝል ነው የምትልከው፣ ባዶውን ግጠምና በፓምፑ ሙላው።

"ሰኞ ገበያ ላይ ፊልትሮ በግማሽ ዋጋ አየሁ፣ ካርቶኑ ቶዮታ ይላል። ልግዛ?" (ከባቲ)

ካርቶን አያጣራም ወንድሜ። አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ቁመቱን፣ ጥርሱን፣ የጎማውን ስፋት አስተያይ፣ የተጻፈበትን ቁጥርም ገልብጥ፣ የቶዮታ ናፍጣ ፊልትሮ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ23390 ይጀምራል፣ የቀሩት አኃዞችም ካንተ አሮጌ ጋር መግጠም አለባቸው። በቀዳዳው ወደ ውስጥ እይ፣ ወረቀቱ ተመሳሳይ እጥፋት ካለውና ሙጫው ዙሪያውን ከያዘ ደህና ነው፣ እጥፋቱ ተራርቆ አንዱ ጋ ተሰብስቦ ከሆነ ተወው። ኦሪጅናል ግዛ ብዬ አላስጨንቅህም፣ ደህና ስም ያለው ሌላ ፋብሪካም ይሰራል፣ እኔ የምፈራው በታወቀ ስም የታሸገ ስም የለሹን ነው። ሻጩ ነገ እዛው ቦታ የሚገኝ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ።

"ላሊበላ ነኝ፣ ቱሪስት ነው የማመላልሰው፣ ከጋሸና ወዲህ ወዲያ። በስንት ኪሎሜትር ልቀይር?" (ከላሊበላ)

የመኪናህ መመሪያ ካለህ እሱ ይበልጣል። ከሌለህ ለናፍጣ እኔ የምለው በየ10,000 ነው፣ ዘይት በየ5,000 የምትቀይር ከሆነ በየሁለት ዘይቱ አንዴ ማለት ነው፣ ውሃውን ደሞ በየዘይቱ አፍስስ። 20,000 የሚል መመሪያ አለ፣ እሱ ንፁህ ነዳጅ ለሚቀዳ ሰው ነው። ቤንዚን ሆኖ ፊልትሮው ውጪ ከሆነ በየ40,000 ገደማ። የቀየርክበትን ቀንና ኪሎሜትር በማርከር ፊልትሮው ቆርቆሮ ላይ ጻፈው፣ ሌላ ሹፌር ቢነዳትም ያየዋል።